በኪሴ የያዝኩት ውታፍ

ለውድ እኅቴ ለእታለም የትነበርሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ክረምት በገባ ቁጥር ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትደገፊ ነበርና ዘንድሮ እንዴት አደረገሽ? ባለቤትሽን ጋሽ ወርቅአፈራሁን ያ ክፉ ሳል ተዋቸው ወይስ አሁንም ቤቱን በሙሉ ያነቃል? ሳያትስ እንዴት ናት? ውጤት የምትጠብቅበት ጊዜ ነው መሰለኝ፤ ጨንቋት እንደሆነ አጎትሽም በሩቁ አብሮሽ ይጨነቃል በያት። የደብረ ብርሃን ውርጭ፣ የግቢው ጎርፍ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም እንዴት ነው? እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያልሆነውን ሆነ ላለማለት ከራሴ ጋር ስለተስማማሁ መተኛቱን ትቼዋለሁ።

አባባስ እንዴት ናቸው? ይህን ከሌሎቹ ጥያቄዎች ጋር አልደረደርኩትም። ወረቀት ያነሳሁት ለእሱ ነውና ለብቻው ይቀመጥ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክ የምትመልሺልኝን ስለማውቀው ነው። የጋዜጣ ቤት ልማድ አልለቀቀኝም፤ የደወልኩበትን ቀን እየጻፍኩ እይዛለሁ። የአባባን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በሐምሌ ሥላሴ ዕለት ነው። የላክሁላቸው ጫማ ግራው እንደሚጠብባቸው ነገሩኝ፤ ሁለት ግራ እግር ነው እንዴ የላክህልኝ ብለው ሳቁብኝ። ሐምሌ 13 ስደውል ተኝተዋል አልሽኝ። ሐምሌ 20 ጥርሳቸውን አሟቸው መናገር አልቻሉም ተባልኩ። ሐምሌ 27 ጸበል ሄደዋል። ነሐሴ 4 ስልኩን ያነሱት ጋሽ ወርቅአፈራሁ ነበሩ፤ እሳቸውም ተኝተዋል አሉኝና ሳልጠይቃቸው ስለ ዝናቡ ያወሩኝ ጀመር። ያለፈው እሑድ፣ ነሐሴ 18፣ ሳያት አነሳች። ያቺ ስልክ ከያዘች የማትለቅ ልጅ፣ እማዬን ላቅርብልህ ብላ ሸሸችኝ። አምስት እሑድ ደወልኩ፤ በአምስቱም አባባ አልተገኙም። አባባ ደግሞ ቀን የሚተኙ ሰው አልነበሩም።

ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም ብዬ ነበር። ዝም ማለት ያስቸገረኝ ባሕር ላይ ከደረሰብኝ ነገር በኋላ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰውም ሊጠፋበት ይችል ነበር። እሱን ካልነገርኩሽ አባባን በተመለከተ ለምን እንዲህ እንደማስጨንቅሽ አይገባሽም። ስለዚህ ታገሺኝና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ኬይስ የሚባለውን ሽማግሌ በስልክ ደጋግሜ አንስቼልሻለሁ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። እዚሁ አምስተርዳም ኖርድ፣ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ይኖራል። እንደመጣሁ ሰሞን የደች ቋንቋ በነፃ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዕድሜውን በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ሲለቅም የኖረ ሰው ነው፤ እኔም አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ሙሉ የጋዜጣ እርማት ሳነብ የኖርኩ ነኝ። ስለዚህ ቋንቋ ሳንግባባ በሥራ ተግባባን። እሱ ብዬ ስጽፍልሽ አትታዘቢኝ፤ አንቱ ስለው የሞትኩ አስመሰልከኝ ብሎ ተቆጥቶ ነው ያስተወኝ። በልቤ ግን አሁንም አንቱ ነው የምለው።

ሚስቱ ሪያ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ሁለቱ በየዓመቱ በነሐሴ በጀልባቸው ባሕር ዳርቻውን ይዘው ሴት ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ሮተርዳም ይወርዱ ነበር። ዘጠኝ ሜትር የምትሆን ባለሸራ የብረት ጀልባ ናት። ሪያ ከሞተች ወዲህ ከውሃ ወጥታ፣ በእንጨት ድጋፍ ላይ ተደግፋ፣ በጀልባ መጠገኛ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ዘንድሮ በሰኔ ኬይስ በሬን አንኳኩቶ፣ ሁለት እጅ አልበቃኝም፣ ያንተን ጨምርልኝ፣ ከዚያ አብረን ሮተርዳም እንሄዳለን አለኝ። እንቢ ማለት አልቻልኩም። ዋና እንደማልችል እንኳን የነገርኩት ከሳምንት በኋላ ነው። እሱም ዋና የሚያስፈልገው ጀልባውን በደንብ ላልጠገነ ሰው ነው ብሎ አለፈው።

ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የጠዋት ፈረቃ ስወጣ በቀጥታ ወደ ግቢው እሄድ ነበር። ሥራው ዝገት መፋቅ ነው። መጀመሪያ ብረቱን በመዶሻ ቀስ እያልሽ ትመቺዋለሽ፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የሳሳው ድምፁ ይታፈናል። በታፈነው ላይ በጠመኔ ክብ ታሰምሪያለሽ፣ በያጅ መጥቶ አዲስ ብረት ይለጥፍበታል። ከዚያ መፋቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ አንቲራስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም መቀባት፣ እንደገና መቀባት ነው። ኬይስ ጆሮህን ስጠው፣ እርማት ማንበብ ማለት ነው ይለኛል። እውነቱን ነበር፤ ከሳምንት በኋላ እሱ ያለፈውን ሁለት ቦታ እኔ አገኘሁበት። የክሬኑ ሹፌር በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር፣ እናንተ የወረቀት ሰዎች፣ የዛሬው ጋዜጣ ገና አልወጣም እንዴ እያለ ይቀልድብናል። ኬይስ ደግሞ፣ አልወጣም፣ ያንተ የሞት ማስታወቂያ ቦታ አጥቶ ነው ይለዋል። እንዲህ ነው እዚህ ሰው የሚዋደደው።

ጀልባዋ ከውሃ በታች አራት ቀዳዳ አላት። ለሞተሩ፣ ለመጸዳጃው፣ ለእጅ መታጠቢያውና ለዕቃ ማጠቢያው ናቸው። እያንዳንዱ ቀዳዳ በእጅ የሚዞር የነሐስ መዝጊያ አለው። ጨው ውሃ ነሐሱ ውስጥ ያለውን ዚንክ እየለየ ይበላዋል፤ የሚቀረው መዳቡ ነው። ቅርጹ እንዳለ ይቆያል፣ ጉልበቱ ግን አልቋል። ኬይስ በካቻቢቴ ጫር እያደረገ አሳየኝ፤ ወርቅ ከመሰለ ሕያው ነው፣ ሮዝ ከመሰለ ሞቷል አለኝ። ሦስቱን ፈትሸን ሁለቱን ቀየርን። አራተኛው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። እጄን ወደዚያ ስዘረጋ፣ እሱን ተወው፣ ደኅና ነው፣ እሱን የገጠመችው ሪያ ናት አለኝ። ያን ቁም ሣጥን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከፍቶት እንደማያውቅ ያኔ ገባኝ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ ዕለት፣ ጀልባዋ ውሃ ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት ውስጥ ብቻዬን እጠርግ ነበር። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩት። መዝጊያው ላይ ሪያ በገዛ እጇ ጽፋ የለጠፈችው ወረቀት አለ፤ በዚህ በኩል ክፍት፣ በዚያ በኩል ዝግ ይላል፤ ቀጥ ያለ የአስተማሪ የሚመስል ጽሕፈት ነው። በካቻቢቴ ጫርኩት፤ ሮዝ ነው። ሌላ ቦታ ጫርኩት፤ እሱም ሮዝ ነው። አንገቱ ላይ ትንሽ ጫን ስለው እንደ ረጠበ ብስኩት ተፈረፈረ። ቁም ሣጥኑን ዘጋሁና ተነሳሁ። ወዲያው ኬይስ በመሰላሉ ወጣ፤ በእጁ የኬክ ካርቶን ይዟል። ዛሬ የሪያ ልደት ነው አለኝ። ሦስት ቁራጭ ቆረጠ፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን እሷ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ፊት አስቀመጠ። ፍልሰታን እየጾምኩ ስለነበር አልበላሁም፤ እሱም ስለሚያውቅ አልተቀየመኝም፤ የእኔን ድርሻ በላልኝና ክሬሙን ከጢሙ እየጠረገ ስለ እሷ ሲያወራ አመሸ።

እንዴት ብዬ ልንገረው? እኛ እንዴት እንዳደግን ታውቂያለሽ። አባባ በጤና ጣቢያው ድሬሰር ሆነው ቀኑን ሙሉ ቁስል ሲያጥቡ ይውላሉ፤ በሰፈሩ መርዶ የሚነገር ሲሆን ደግሞ ማልደው ከፊት የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ። ከመሄዳቸው በፊት የሚያጣሩትን እስካሁን አስታውሳለሁ። ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን፤ እህል የቀመሰ እንዲሆን፤ በዓል ወይም ድግስ ከሆነ እንዲያልፍለት፤ መንገድ ላይ ከሆነ እስኪመለስ እንዲጠበቅ። አንድ ጊዜ ለጎረቤታችን ልጅ የአባቷን መርዶ ፈተናዋን እስክትጨርስ ብለው ሦስት ሳምንት አቆዩት። ሰዎች አመሰገኗቸው። እኔም ትልቅ ሰውነት ማለት ይህ ነው ብዬ ያዝኩት። ስለዚህ በዚያ ሐሙስ፣ በሚስቱ ልደት፣ ኬኩ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ የሚስትህ ሥራ በስብሷል ማለት አልሆነልኝም። ነገ ውሃ ከመግባቷ በፊት እነግረዋለሁ አልኩ።

ግን እጄን አጣጥፌ አልቀመጥኩም። ስወጣ ከግቢው ሱቅ የእንጨት ውታፍ ገዛሁ። ሾጣጣ ነው፣ ካሮት ያክላል፤ ቀዳዳ ድንገት ቢከፈት የሚሸጎጥበት ነው። ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በማግሥቱ ጀልባዋ በስድስት ሰዓት ነበር ውሃ የምትገባው፤ የክሬኑ ሹፌር ሌላ ሥራ ስለመጣበት በሁለት ሰዓት አስገባት። እኔ ከፈረቃ ስወጣ ጀልባዋ ውሃ ላይ ናት፣ ኬይስም በጉልበቱ ተንበርክኮ ወለሏን በደረቅ ጨርቅ ይዳብሳል። አየህ አድማሴ፣ ጠብታ የለም አለኝ። እንደዚያ ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም። እንግዲህ ካላፈሰሰ ልንገረው ለምን እቸኩላለሁ አልኩ። ሽቬኒንገን ወደብ፣ ያ የሄግ ከተማ ወደብ፣ ስንደርስ ተረጋግተን ተቀምጠን እነግረዋለሁ ብዬ ቀጠሮውን አስረዘምኩት።

እሑድ ነሐሴ 11 በማለዳ ተነሳን። ከአምስተርዳም እስከ ባሕሩ ድረስ ያለው ቦይ ጸጥ ያለ ነው፤ በሞተር ሄድን። አይማውደን ላይ ትልቁ የውሃ በር ተከፍቶ አስወጣንና ሸራውን ሰቀልን። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነበር፣ የባሕሩ ፍሰትም ወደ ደቡብ የሚገፋበት ሰዓት። በግራችን የአሸዋ ክምሩ እንደ ረጅም ግንብ አልተቋረጠም፤ የዛንድፎርት ሕንፃዎች አለፉ፣ የኖርድቫይክ ነጭ የመብራት ማማ መጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ግን የማዳምጠው ከታች ነው። ውሃው ብረቱን በመታ ቁጥር እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል። ኬይስ አይቶኝ፣ ምነው እጅህን ከኪስህ አታወጣም፣ በርዶሃል እንዴ አለኝ። አዎ በርዶኛል አልኩት። እንካ ቅመስ እንደሚባል ልጅ የዳቦና የለውዝ ቅቤ ቁራሽ ያቀብለኛል፤ ይህ እንኳ የጾም ነው፣ ብላ፣ ደም ይሰጥሃል ይለኛል። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። እሱ ዳቦ ሲቆርስልኝ ነገሩ ይበልጥ ከበደኝ።

ካትቫይክ ፊት ለፊት ስንደርስ፣ ዳር ላይ ያለችው ነጭ ቤተ ክርስቲያን እየታየችን፣ ነፋሱ በረታ። ጀልባዋ ወደ ግራ ተጋደመች፤ የባሕሩ ውሃ በዕቃ ማጠቢያው በኩል ወደ ላይ ይመለስ ጀመር። ኬይስ ውረድና ከሥር ያለውን መዝጊያ ዝጋው፣ ባሕሩ ሳህኖቻችንን ሊያጥብልን ነው አለኝ። ግድ የለም፣ ትንሽ ውሃ ነው አልኩት። ለሆላንድ ሰው ትንሽ ውሃ ነው አይባልም ብሎ ሳቀና መሪውን አስይዞኝ ራሱ ወረደ። አትንካው ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ የሪያን ጽሕፈት እያየ መሆኑን አወቅሁ። ከዚያ ቀጭ አለ።

መሪውን ለቅቄ ወረድኩ። ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ዞራ ሸራዋ ይራገብ ነበር። ኬይስ ተንበርክኳል፤ ተሰብሮ የቀረው እጀታ በአንድ እጁ ነው፣ በሌላው መዳፉ ቀዳዳውን ደፍኗል፤ ውሃው በጣቶቹ መካከል እየተፈናጠረ ፊቱን ይመታዋል። የወለሉ ሳንቃ ላይ ውሃው ወጥቷል። የሆነ ነገር፣ ጨርቅ፣ የሆነ ነገር አምጣ እያለ በራሱ ቋንቋ ይጮኻል። እኔ ግን አልፈለግሁም፤ ምን እንደሚያስፈልግ ከሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ። ውታፉን ከኪሴ አወጣሁ፣ እጁን አስነሳሁት፣ ሸጎጥኩና በመዶሻ አራት ጊዜ መታሁት። ውሃው ቆመ፤ ጠብ ጠብ የምትል ብቻ ቀረች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ኬይስ ውታፉን አየው። ከዚያ ኪሴን አየው። ይህ ከመቼ ጀምሮ ኪስህ ውስጥ አለ አለኝ። ከሐሙስ አልኩት። ተነስቶ ወደ መሪው ሄደ። እኔ ፓምፑን ስገፋ ዋልኩ፤ ሽቬኒንገን እስክንገባ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ እሱ ከመሪው አልተነሳም።

ጀልባዋን ካሰርን በኋላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ስህተቱን በእርማቱ ላይ አየህ፣ አይተህም ጋዜጣው እንዲታተም ፈቀድክ አለኝ። እታለም፣ በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ወቀሳ አልደረሰብኝም። ልደቷ ስለነበር ነው፣ የገጠመችውም እሷ ስለሆነች ነው፣ እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ጊዜ ተመርጦ ነው የሚነገር አልኩት። ሪያ ብትኖር በዚያ ካቻቢቴ አንተን ነበር የምትጭርህ፤ ስህተቷን ደብቆላት የወደደችው ሰው የለም አለ። ወዲያው ድምፁ ተለወጠ። ሐሙስ ነግረኸኝ ቢሆን አለቅስ ነበር፣ ከዚያ መፍቻ አመጣ ነበር። ልቅሶዬን አላስቀረህልኝም፤ ይኸው አሁን አለቅሳለሁ። ያስቀረህብኝ መፍቻዬን ነው አለኝ። እንዳለውም አለቀሰ፤ የተሰበረውን እጀታ ይዞ፣ ወረቀቷ አሁንም ላዩ ላይ እንደተለጠፈ።

ሄግ ሦስት ቀን ቆየን። ጀልባዋን አወጧት፤ መዝጊያውን ከነአንገቱ ቆርጠን ጥለን አዲስ ገጠምን፤ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ ነበር። የሪያን ወረቀት በውሃ አላልቶ ላጠው፣ አድርቆ አዲሱ ላይ ለጠፈው። ከዚያ አንድ ሕግ አወጣ። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ሳይቆረስ፣ መጥፎው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም አንድ ነገር ካላልኩ አንበላም። አንድ ቀን ምንም ባጣ፣ ታንኮራፋለህ አልኩት፤ ይህማ በሪያ ጊዜም የተመዘገበ ነው ብሎ ዳቦውን ቆረሰልኝ። ሐሙስ ሮተርዳም ገባን፣ ኬይስን ለሴት ልጁ አስረከብኩትና አርብ በባቡር ተመለስኩ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ሰኞ ዕለት ከዞተርሜር ወይዘሮ ይመኙሻል ደወሉልኝ፤ ሄግ አብረን የምናስቀድሰው የአቶ ገብረሥላሴ ባለቤት ናቸው። ለፋሲካና ለመስቀል ካልሆነ አይደውሉልኝም። አንተ አድማሴ፣ ጠፋህ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቤት አለህ ወይ አሉኝ። አለሁ አልኳቸው። ብቻህን ነህ አይደል የምትኖረው አሉ። ብቻዬን ነኝ አልኩ። እንግዲያው ጋሽ ገብረሥላሴም ናፍቀውሃል፣ ከሁለት ሰው ጋር ማልደን ብቅ እንላለን፣ ቁርስ እኛ እንይዛለን፣ አንተ ምንም እንዳትቸገር አሉኝ። ከዞተርሜር ባቡር ቀይሮ፣ ከጣቢያው ጀርባ በፖንት፣ በመሻገሪያው ጀልባ፣ ውሃውን ተሻግሮ፣ በማለዳ ቁርስ ሊያበላኝ የሚመጣ ሰው እስከዛሬ አልነበረኝም። አዲሱን ቤቴን ማን ነገረዎት ስላቸው፣ እኅትህ አሉና ወዲያው፣ ማለቴ ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ አገኘሁት ብለው አረሙት። እኔ እርማት አንባቢ ነኝ፤ ከታረመው ይልቅ መጀመሪያ የተጻፈውን ነው የማየው።

እታለም፣ ይህን አካሄድ አውቀዋለሁ፤ አባባ ከፊት ሆነው ሲሄዱ እያየሁ ነው ያደግሁት። የወይዘሮ ይመኙሻል ስልክ እኔ ኪስ ውስጥ እንደነበረው ውታፍ ሆኖ ታየኝ። ከሐምሌ 27 ስልክሽ የቀረኝ ቃልም አለ፤ ከባሕሩ ብቻ በሰላም ተመለስ፣ ሌላው ይደርሳል ብለሽኛል። ሌላው ምንድን ነው? ባሕር የሚለው ቃል አስፈርቶሽ ይሆናል የቆየሽው። አልፈርድብሽም፤ እኔም ኬይስ ላይ ያደረግሁት ያንኑ ነው፣ በፍቅር ነው ያደረግሁት። ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አባባ ታመው ከሆነ፣ የምትሸሽጉብኝ እያንዳንዱ ቀን እኔ አልጋቸው አጠገብ ልቀመጥበት የምችል ቀን ነው። ዓመታዊ ፈቃድ ቀርቶኛል፣ ፓስፖርቴም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ታመዋል ካልሽኝ በሁለት ቀን እደርሳለሁ። መፍቻዬን አትያዢብኝ። አልፈው ከሆነ ደግሞ ከእንግዳ አፍ አልስማው፤ በአንቺ ድምፅ ንገሪኝ። የሚነግረኝ ሰው አጥቼ አላደግሁም፤ እናታችን ስትሞት እቅፍሽ ውስጥ አድርገሽ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።

ይህን ደብዳቤ ለእረፍት አገር ቤት የሚመጣው ጓደኛዬ ሙሉነህ ይዞልሽ ይመጣል፤ ሐሙስ ማታ ይነሳል፣ አርብ እስከ ቀትር ደብረ ብርሃን ይደርሳል። አርብ በእናንተ ዘጠኝ ሰዓት፣ በእኛ ስምንት ሰዓት ደውይልኝ። ብቻውን ነው ብለሽ እንዳትፈሪ፤ ኬይስ ትናንት ተመልሷል፣ ያን ቀን አብሮኝ ይውላል፣ ለምን እንደሆነም ነግሬዋለሁ። ባሕር ላይ አይደለሁም። ጾሙም ወጥቷል። ምሳዬን በልቼ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው የምጠብቅሽ። አባባ የሚያጣሩትን ሁሉ አጣርቼልሻለሁ፤ የምትጠብቂበት ምክንያት አልቀረሽም። ተሳስቼ ከሆነ፣ አባባም እውነት ጥርሳቸውን ብቻ አሟቸው ከሆነ፣ እየሰደብሽኝ ደውዪና ስልኩን ስጪያቸው፤ ስድቡን በደስታ እቀበላለሁ።

ጋሽ ወርቅአፈራሁን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ ስለ ዝናቡ በማውራታቸው አልተቀየምኳቸውም፣ የጨነቀው ሰው የሚያወራው ስለ ዝናብ ነው። ሳያትን ሳሚልኝ፤ ከእኔ መሸሿ ለምን እንደሆነ ገብቶኛልና ራሷን አትውቀስ በያት፤ ውሸት አለመልመዷ ደስ ብሎኛል። ጎረቤታችንን ማናለብሽንና ልጆቿን፣ በአጥሩ በኩል ያሉትንም ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ለአባባ የማቀርበውን ሰላምታ አልጻፍኩም። በሐምሌ ሥላሴ የነገሩኝን ግን አልረሳሁም። ቁጥር አርባ ሁለት፣ ግራውም ቀኙም ሰፋ ያለ፣ ጥቁር ጫማ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሙሉነህ እቃ አለህ ወይ ሲለኝ ደብዳቤውን ብቻ ሰጠሁት። ጫማውን ልላከው ወይስ ልተወው፣ አርብ ንገሪኝ።

ወንድምሽ አድማሴ
አምስተርዳም ኖርድ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2006 ዓ.ም.